ባላገር ያለ አገር፦ አንድን አሮጌ የጦር ጨዋታ ጋምቤላ ላይ እንደገና መጫወት

ጋምቤላ ከሰዓት በኋላ ለሥራ አትመችም። ፀሐይ ከባሮ ድልድይ በላይ ቆማ አልንቀሳቀስ ስትል ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሸሻል፤ መሃል ከተማው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የባጃጅና የውሻ ይሆናል። እኔም አክስቴን ልጠይቅ በወረድኩበት ሰሞን፣ በዚያ ሰዓት በሬን ዘግቼ፣ ዕድሜዬን ለሚያውቅ ሰው ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ስሠራ ከረምኩ። የኮምፒዩተር ጨዋታ ስጫወት።

አንባቢ «ሠላሳውን ያለፈ ሰው እንዲህ ይቀልዳል?» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ጥቂት ይታገሠኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ እኔ ገና የዚህች ከተማ ልጅ ሳለሁ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አራት ኮምፒዩተር ያለው አንድ ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት ማመልከቻ ይተየብበታል፤ ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ እኛ በሰዓት እየከፈልን እንጫወትበታለን። ከማን እንደተገለበጠ የማይታወቅ፣ ፊቱ የተቧጨረ አንድ ሲዲ ነበር። በላዩ ላይ የነበረው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሁለተኛው ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ኤንሰምብል ስቱዲዮስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሠርቶት ማይክሮሶፍት ያወጣው የመካከለኛው ዘመን የጦር ጨዋታ። ስለ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ግንብና ስለ ነገሥታት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይልቅ ብዙ የቀዳሁት ከዚያ ነው። ዘንድሮ እንደገና የከፈትኩት ለናፍቆት ነበር። የዘጋሁት ግን ከናፍቆት የከበደ ጥያቄ ይዤ ነው።

ላላዩት ባጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ሲጀመር ለተጫዋቹ የሚሰጠው አንድ «መሃል ከተማ»፣ ሦስት ባላገሮችና አንድ ቃፊር ፈረሰኛ ብቻ ነው። የቀረው ሰሌዳ በሙሉ ጥቁር ነው። ባላገሮቹ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ምግብ ይሰበስባሉ፣ ወርቅና ድንጋይ ይፈልጣሉ። በተሰበሰበው ሀብት ሌላ ባላገር ይገኛል፤ ሠፈር ይሠራል፤ ወታደር ይሠለጥናል፤ ከጨለማው ዘመን ወደ ፊውዳሉ፣ ከዚያ ወደ ግንቡ፣ በመጨረሻም ወደ ኢምፓየሩ ዘመን ይታለፋል። እንደ ገበጣና እንደ ዳማ ተራ መጠበቅ የለም። አንተ ስታስብ ጠላትህ እየሠራ ነው። አንድ ባላገር ሃምሳ ምግብና ሃያ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ያንን ሃያ አምስት ሰከንድ በከንቱ ያሳለፈ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩ ሲሰበር ጥፋቱን ያገኘዋል።

የጨዋታው ታላቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ የገባኝ መስሎኝ የነበረው፣ አሁን ግን በርግጥ የገባኝ። ጦርነት የሚወሰነው ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት በእርሻውና በእንጨቱ እንደሆነ ከዚህ አብልጦ ያስተማረኝ ነገር የለም። ብዙ የጦር ፊልም ጀግናውን ያሳየናል፤ ስንቁን ማን እንዳዘጋጀ ግን አያሳየንም። ይህ ጨዋታ ስንቁን ከጦሩ አስቀድሞ ያሳያል። ሃያ አምስት ዓመት ያለፈው ሥራ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ተጫዋች ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019ም ታድሶ እንደገና የወጣው በከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ከልክ በላይ አስቸገረኝ። የመጀመሪያው የባላገሩ ነገር ነው።

እነዚያን ሠራተኞች «ባላገር» ብለን የጠራናቸው እኛ ልጆቹ ነን። ቃሉን ሳናስብበት ነበር የወሰድነው። ባላገር ማለት አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት ሰዎች ግን አገር የላቸውም። ከመሃል ከተማው ሆድ ይወጣሉ፣ ወደታዘዙበት ይሄዳሉ፣ እምቢ አይሉም፣ አይራቡም፣ አያረጁም። ያ ብቻ አይደለም፤ የሚቆርጡት ዛፍ፣ የሚያድኑት አጋዘን፣ የሚቆፍሩት ወርቅ ከእነርሱ በፊት የማንም አልነበረም። ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። መሬቱ ታሪኩን የሚጀምረው እኛ ስንደርስ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ያነቃኝ የአክስቴ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ኑዌር ነው፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጦ ሲመለከት ቃፊሬ በጥቁሩ ውስጥ ሁለት በጎች አገኘ። በጨዋታው ሕግ በግ ያየው ሰው ንብረት ነው፤ ወዲያው ቀለሙን ቀይሮ የኔ ሆነ። ቆየት ብሎ ያለ ጠባቂ ስተወው የጠላት ወታደር አየውና ደግሞ የእርሱ ሆነ።

«ጋሼ፣ ያየ ሁሉ ይወስዳል ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ሕጉ ነው።»

«ታዲያ ዘመድ ምን ይሠራል?» ብሎ ሳቀ።

በአንድ ጥያቄ የጨዋታውን መሠረት ነቀለው። እርሱ ባደገበት ባህል አንድ ላም ብቻዋን አትቆምም። ለጥሎሽ ስትሰጥ የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ የአጎት ድርሻ አብሯት ይሄዳል፤ የከብቱን ታሪክ የማያውቅ ሰው የቤተሰቡን ታሪክ አያውቅም። ከብት ከሰው ጋር ያለ ውል እንጂ የተጣለ ሀብት አይደለም። ጨዋታው ይህንን ውል አያውቀውም። የሚያውቀው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ያስቸገረኝ የክረምት ነገር ነው። በጨዋታው ውስጥ ወንዝ አለ፣ መርከብ አለ፣ የንግድ ጋሪ አለ። ገበያና ገበያ በተራራቁ ቁጥር የሚገኘው ወርቅ ይበዛል፤ ይህ ብልህ ሐሳብ ነው፣ ጋምቤላም የተመሠረተችው በዚሁ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ውል እንግሊዝ በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ እንድትይዝ ተፈቀደላት። ከዚያ በኋላ የጎሬና የሰዮ ቡና ከደጋው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ፣ እዚህ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ በባሮና በሶባት አድርጎ ወደ ካርቱም ይሄድ ጀመር። የዚህን ንግድ ውጣ ውረድ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በጥልቀት አጥንተውታል። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ነው።

ነገር ግን መርከቡ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነበር። በበጋ ወንዙ ይጎድላል፤ መርከብ የለም፤ ንግዱም ይተኛል። ዛሬም ቢሆን የዚህ አገር ሰው ኑሮውን የሚቆጥረው በወንዙ መምላትና መጉደል ነው። ኑዌር በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ውኃው ሲሞላ ወደ ከፍታው ይመለሳል፤ አኙዋክ ወንዙ ሲጎድል የተወለትን እርጥብ ዳርቻ ያርሳል። በጨዋታው ውስጥ ግን ወንዝ አይሞላም፣ አይጎድልም። ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል እንጂ ወቅት የለም። ጊዜን እንዲህ በስስት የሚቆጥር ሥራ ክረምትን መርሳቱ፣ ለኔ ከባዱ ድክመቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ፈረንጅ ስለ ራሱ ግንብና ፈረሰኛ የሠራው ጨዋታ ነው፤ ከባሮ ጋር ምን አገናኘው?» ሊለኝ ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ቢለኝ እውነት ነበረው። በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት ሕዝቦች ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ግን «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» የተባለ ተጨማሪ ወጣና በርበሮች፣ ማሊዎች፣ ፖርቱጋሎችና እኛ ገባን። ለካ እኛም በዚያ ሰሌዳ ላይ ቦታ አለን! ቀስተኞቻችን ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ፤ ዘመን በተሻገርን ቁጥር ምግብና ወርቅ ይሰጠናል፤ ልዩ ወታደራችን ሾተል ታጣቂ ነው፣ ፈጥኖ የሚወጣ፣ አምርሮ የሚመታ፣ ግን ቶሎ የሚወድቅ። ባላገሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ፤ ትንሽም ሆዴ ተላወሰ።

ደስታው ሲበርድ ግን መጠየቅ ይመጣል። የአክሱም ሰው በዐሥረኛው ክፍለ ዘመን አማርኛ ይናገር ነበር? ይህስ ትንሽ ነገር ነው። ትልቁ የዮዲት ዘመቻ ነው። ጨዋታው ለኢትዮጵያ የመረጠው ታሪክ የእርሷን ነው፦ የአክሱም ልዕልት ነበረች፣ ተከስሳ ተሰደደች፣ የሶርያ መስፍን አገባች፣ ተመልሳ አክሱምን አፈረሰች። ይህ በአገራችን ትውፊት ከሚነገረው ብዙ አይርቅም። ጥሩ ልብ ወለድ ነው፤ በደል አለው፣ ስደት አለው፣ በቀል አለው።

በጽሑፍ የቀረው ማስረጃ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ኢብን ሐውቀል የተባለው የዐረብ ጂኦግራፈር በዐሥረኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የያዘች ሴት ንግሥት መኖሯን ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክም ከኢትዮጵያ ንጉሥ ወደ ኖቢያ ንጉሥ የተላከ የጭንቅ ደብዳቤ ያስታውሳል፤ በዚያ ውስጥ ንግሥቲቱ የአንድ የውጭ ሕዝብ ንግሥት ናት። ኮንቲ ሮሲኒ የዚያን ሕዝብ ስም አስተካክሎ ሲያነብበው ዳሞት ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ታደሰ ታምራትም በዚሁ ላይ ተወያይተዋል። ግምቱ ልክ ከሆነ አክሱምን የጣለችው የተበደለች የቤት ልጅ ሳትሆን፣ ከደቡብ፣ አክሱም ካርታዋ ላይ በጥቁር ከተወችው አገር የመጣች ንግሥት ነበረች ማለት ነው።

ጨዋታው የትኛውን እንደመረጠ እንይ። ልዕልቲቱን መረጠ። እኛም ስንተርክ የኖርነው እርሷን ነው። ከዳር የመጣ ኃይል በራሱ ምክንያት፣ በራሱ ታሪክ ሊመጣ ይችላል ብሎ ከማመን ይልቅ፣ ከመሃል የተባረረ ሰው ነው ማለት ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ዋርክራፍት» ሁለተኛው ክፍል አረንጓዴ ቆዳ ያላቸው ኦርክ የሚባሉ ፍጡራንን ከሰው ጋር ያዋጋል፤ ተረት መሆኑን ግን አይደብቅም። ተረቱን የታሪክ ካባ አልብሶ የሚያቀርበው ሌላው ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ተረት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ለዚህ ሰሌዳ የሚስማማ ሌላ ታሪክ ከዚሁ ከጋምቤላ ልጨምር። በጨዋታው ውስጥ በየጫካው የተጣሉ ቅዱሳን ንዋያት አሉ። መነኩሴ አንሥቶ ገዳም ውስጥ ያስገባቸዋል፤ እዚያ ተቆልፈው ወርቅ ያስገኛሉ፤ ሁሉንም ሰብስቦ ለተወሰነ ጊዜ የያዘ ሰው አሸናፊ ነው። አኙዋኮችም የንግሥና ንዋያት ነበሯቸው፤ የዶቃ ሐብል፣ ጦሮች። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ መሳፍንቱ ለእነዚህ ንዋያት ይፎካከሩ፣ ይዋጉም ነበር። ብዙ ደም ፈስሷል፤ ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ነገር ግን የሚደንቀው ሕጉ ነው። አንድ መስፍን ልጆቹ ማዕረጋቸውን እንዳያጡ፣ በዕድሜው ውስጥ ያንን ዶቃ አንድ ጊዜ ማጥለቅ ነበረበት። ስለዚህ ዶቃው መዞር ነበረበት። ለዘላለም የቆለፈበት ሰው የሌሎቹን ልጆች ሁሉ ማዕረግ ያጠፋ ነበር።

በአንዱ ሕግ ንዋዩ ሲቆለፍ ዋጋ ያወጣል፤ በሌላው ሕግ ሲዞር። የትኛው ሕግ የበለጠ ጨዋታ ይወጣዋል? ለኔ ሁለተኛው ነው። የጨዋታ ሠሪዎቹ ባሮ ዳር ወርደው ቢሆን ኖሮ ከሾተሉ የሚበልጥ ሐሳብ ይዘው ይመለሱ ነበር።

አሁን እስካሁን ስሸሸው ወደ ቆየሁት ነገር ልምጣ።

በዚያ የኮምፒዩተር ቤት ስንጫወት ቀለም እንከፋፈል ነበር። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። ባላገሩ ሁሉ የጌታውን ቀለም ለብሶ ይወለዳል፤ ሰው ከሰው የሚለየው በዚያ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ እጁን ይሰጣል። እኛ ልጆቹ ግን አንሰጥም። እጅ ካልተሰጠ ደግሞ ጨዋታው አያልቅም፤ ከተማው ተቃጥሎ፣ ጦሩ አልቆ፣ በሰሌዳው ጥግ ጫካ ውስጥ የተደበቀችው የመጨረሻዋ ባላገር እስክትገደል ድረስ ፍለጋው ይቀጥላል። ይህችን ፍለጋ በጣም እንወድዳት ነበር። ከወንበር እየተነሣን እንጮህ ነበር።

ይህ የሆነው በ1997 ነው አልኩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በዚችው ከተማ፣ በእነዚሁ መንገዶች፣ ሰዎች አኙዋክ በመሆናቸው ከየቤታቸው ተፈልገው ተገድለዋል። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ ሟቾቹን በመቶዎች ቆጥሮ፣ ገዳዮቹ ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች መሆናቸውን ጽፏል። እኔ የደገኛ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ቤት ተዘግቶብን ነበር፤ ልጅ ነበርኩ፤ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ከዓመት በኋላ በዚያ ቤት አብረውን ከሚጫወቱት ውስጥ አኙዋክ ልጆችም ነበሩ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የመጨረሻዋን ባላገር ፍለጋ ስንጮህ አብረን ነበር የምንጮኸው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስታውሰው። ዘንድሮ ጨዋታውን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንደኛው ልጅ ፍለጋው ሲጀመር ሁልጊዜ «ውኃ ልጠጣ» ብሎ ይወጣ ነበር።

ጨዋታው ያንን ቀን አልፈጠረውም። ከጨዋታ ብዙ ዘመን በፊት ሰው ሰውን በቀለም ለይቶ ያውቅ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ክስ በአንድ ሲዲ ላይ መጫን ቀላል ማምለጫ ነው። የኔ ወቀሳ ከዚህ ያነሰና የጠበበ ነው፦ ይህን ያህል ጥበብ ያለው ሥራ፣ ስንቅን ከጦር ያስቀደመ ሥራ፣ ለማሸነፍ ያስቀመጠው ዋና መንገድ የሌላውን ባላገር እስከ መጨረሻው ማጥፋት መሆኑ ያሳዝናል። አብሮ ማደር በሕጉ ውስጥ አለ፤ ጓደኛ መሆን፣ ሀብት መላላክ ይቻላል። ግን ለጋራ ጠላት ሲባል ነው እንጂ ለራሱ ዋጋ ተሰጥቶት አይደለም።

ታዲያ ይጣል? አይጣል። ጨዋታው ራሱ ሳያውቀው የሚያስተምረው አንድ ትልቅ ነገር አለና። ሁለት ዓይነት ጨለማ አለው። አንዱ ጥቁሩ ነው፤ ጨርሶ ያልታየ አገር። ሁለተኛው ግራጫው ነው፤ አንድ ጊዜ ታይቶ ከዚያ ወዲህ ጠባቂ የሌለበት አገር። በግራጫው ውስጥ ቤቱን ታየዋለህ፣ ዛፉን ታየዋለህ፤ የምታየው ግን በመጨረሻ ባየህበት ቀን የነበረውን ነው። ዛሬ ቤቱ ተቃጥሎ ይሁን፣ ሌላ አሥር ቤት ተሠርቶ ይሁን፣ ሰው ካልላክህ አታውቅም። ብዙ ጊዜ የተሸነፍኩት በጥቁሩ ሳይሆን በግራጫው ነው። ጥቁሩን እንደማላውቀው አውቃለሁና እጠነቀቃለሁ፤ ግራጫውን ግን የማውቀው ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ተቀምጬ ስለ ጋምቤላ ስጠየቅ ስመልስ የኖርኩት ከግራጫው ነበር። ሙቀቱን፣ ወንዙን፣ ማንጎውን፣ የዚያን ዓመት ፍርሃት አወራለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን ከልጅነቴ የቀረ ነው። የአገራችን ጋዜጣና መጽሔትም፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ ዳር አገር ስንጽፍ ከዚህ አንዘልልም።

የመጨረሻውን ጨዋታ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፤ ሰው ከየጥላው እየወጣ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ማን አሸነፈ?» አለኝ። «አላለቀም» አልኩት። ከዚያ ያ የኮምፒዩተር ቤት የነበረበትን ቦታ አሳየኝ ብዬው አብረን ወጣን። ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ የስልክ መጠገኛ ተከፍቷል። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አራቱ ኮምፒዩተሮች እንደተቀመጡ ናቸው ብዬ ነበር።